እግርሽን ስበሪ ብዬ ሸኘኋት

ስለ እንግሊዝኛ የምንጠያየቅበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ማክሰኞ ማታ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ 41 መልስ ተከታተለ። አንዳንዱ አስቆኛል፣ አንዳንዱ አናዶኛል፣ ጥቂቱ ደግሞ ከነአካቴው ስለ ሌላ ነገር ነው። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመና ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለሚታክት፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ይቆጣኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፤ ጥራት ቁጥጥር ላይ። አለቃዬ ስሪላንካዊት ናት። የእሷ ቋንቋ ሲንሃላ፣ የእኔ አማርኛ፣ መገናኛችን እንግሊዝኛ። አርብ ጠዋት ደሴ ላይ ስብሰባ ነበራት። ሰው ፊት ቆማ ስለ ሥራችን ገለጻ ልታደርግ ነው። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር በመስኮቱ ጎንበስ አልኩና ሳምንቱን ሙሉ ሳጠናት የሰነበትኩትን ፈሊጥ ለቀቅኳት። «ብሬክ ኤ ሌግ!» አልኳት። መልካም ዕድል ማለቴ ነው። ቃል በቃል ሲፈታ ግን «እግርሽን ስበሪ» ነው።

አገሩን የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምታል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሀሉ ላይ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ያን ዕለት ጉሙ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። በዚያው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና ጠመዝማዛው ላይ ተገልብጦ፣ እሷም አይታው መጥታለች። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የምታዘኝ በወረቀት ነው።

ስለዚህ ጠየቅኩ። ፈሊጡን ተሳስቼ ነው የተጠቀምኩት? ወይስ እሷ ናት እንግሊዝኛ የማታውቀው? አሁን ሳነበው ጥያቄው ራሱ ያሳፍራል። ይሁን።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣህ አለኝ፤ ከዚያ አብሽር፣ አልተሳሳትክም አለ። አባባሉ የቲያትር ሰዎች ነው። መድረክ ላይ ሊወጣ ላለ ተዋናይ መልካሙን በግልጽ መመኘት ገድ ያበላሻል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ክፉውን ተመኝተው ደጉን ይጠብቃሉ። ዛሬ ለፈተናም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅም፣ ለንግግርም ይባላል። ገለጻ ልታደርግ ለሄደች ሴት ደግሞ ልኩ ነው አለኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ቁጥር 4 ቆየ።

ቁጥር 2 ሸዋ በር የሚኖሩ እናት ናቸው። የኢንተርኔት መድረካችን አዛውንት ስለሆኑ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እንዴት ሰው መንገድ የሚወጣን ሰው እግርህ ይሰበር ይለዋል ብለው ደነገጡ። ምርቃትና እርግማን የማይለይ ቋንቋ ለምን እንደምንማርም ጠየቁ። ቁጥር 3 በትሕትና መለሰችላቸው። እኛም እናደርገው የለም ወይ አለች። ሕፃን ልጅ ሲያምር ዓይን እንዳይገባው ሲያስጠላ እንላለን። ልጅ አልበረክት ያላት እናት ለመጣው ልጅ ቁልምጫ የሌለው ስም ታወጣለታለች። የእንግሊዞቹም ያው ዓይን ፍራቻ ነው። እትዬ ይሄ ገባቸው። የእኔ አለቃ ግን ሕፃን አይደለችም ብለው አከሉ።

ቁጥር 4 ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ቲቸር እንላቸዋለን። ጽሑፋቸው አጭር ነበር። እኔን ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ፈሊጥ ማወቅ ማለት ትርጉሙን ማወቅ አይደለም አሉ። ማን፣ ለማን፣ የት እንደሚለው ማወቅ ነው። ምሳሌያቸው «ኪክ ዘ በኬት» ነበር። ባልዲውን መምታት። ስልክ ላይ ያለው ዝርዝር ፊት ለፊቱ «ሞተ» ብሎ ያስቀምጠዋል። አማርኛው ግን ሞተ፣ አረፈ፣ ወደ አኼራ ሄደ፣ ድፍት አለ፣ ፍግም አለ እያለ ይለያል። ለቅሶ ቤት ገብቶ አባታችሁ መቼ ፍግም አሉ የሚል ሰው የለም። ባልዲው ያለው እዚያ ጎራ ነው አሉ፤ ከነፍግም ጋር።

እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ ዝም አለ። ከሰዓታት በኋላ ቁጥር 5 ብቅ ብሎ፣ እኔ ግን ብዬዋለሁ አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያስተማሩት የውጭ አገር መምህር ባለቤታቸው ሞተችባቸው። እሱ ደግሞ ተራ ቃል አልበቃው ብሎ የሐዘን መግለጫ ኢሜይሉ ላይ ባልዲውን ጻፈበት። መልስ መጣለት፤ አመሰግናለሁ የምትል አንድ መስመር። ስድቡን የተረዳው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አሁንም ሌሊት ትዝ ሲለው ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ይህ ሰው እውነቱን ስለተናገረ ብቻ የእኔ ጉዳይ ቀለለኝ።

ቁጥር 6 ጠቃሚ ነገር ይዞ መጣ። ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ከፈሊጡ አጠገብ ትንሽ ምልክት ያደርጋሉ። ይሄ የሰፈር ወሬ ነው፣ ይሄ ያረጀ ነው፣ ይሄ ቀልድ ነው፣ ይሄ የብሪታንያ ነው ይላሉ። ሁላችንም ትርጉሙን አይተን ምልክቱን እንዘላለን። በማግሥቱ የራሴን ደብተር አየሁ። 140 ፈሊጥ ጽፌአለሁ። አንዱም ላይ ምልክት የለም።

ከዚያ የማይቀረው መጣ፤ ዝናቡ። ቁጥር 7 «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ከየት እንደመጣ አውቃለሁ አለ። ድሮ እንግሊዝ አገር ድመትና ውሻ የሣር ጣሪያ ላይ ይተኛሉ፣ ከባድ ዝናብ ሲመጣ እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ፣ ስለዚህ ድመትና ውሻ ዘነበ ተባለ። ቁጥር 8 ቆጣ ብሎ ይሄ በኢሜይል ሲዞር የኖረ ተረት ነው አለው። አባባሉ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በተለያየ መልክ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1738 ተጠቅሞበታል። መነሻው ግን አልታወቀም። ተረት ሰብስቦ እውነት ነው ማለት አይቻልም ብሎ ዘጋው።

ቁጥር 9 መጽሐፍ አልጠቀሰም። ኩታበር በኩል የሣር ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ድመት ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ላይ አትቆይም፣ ምድጃ ዳር ነው የምትገኘው አለ። ውሻም ጣሪያ ሲወጣ አይቶ አያውቅም። ለእኔ ይሄ ከ1738ቱ ይበልጥ አሳመነኝ። ቁጥር 10 ደግሞ ድመቱንም ውሻውንም ተዉአቸው አለች። የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዶፍ ሲወርድ «ኢትስ ፖሪንግ» ይላል እንጂ ያንን ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ብዙም አታገኙትም። እኛስ ብንሆን ሰማዩ ተቀደደ የምንለው ስንቴ ነው?

11ኛው መልስ ላይ ነገሩ ገንዘብ ሆነ። ጸሐፊዋ አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ልትወስድ ነው። የንግግሩ ክፍል ላይ ነጥብ 7 ለማግኘት ፈሊጥ መጠቀም ግዴታ ነው ተብላ፣ 30 ፈሊጥ በቃሏ እያጠናች ነው። ፈታኙ ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቃት አምስቱን ልትወረውርበት አቅዳለች። ምክር ፈለገች።

ቲቸር ተመለሱ፤ 12ኛው የእሳቸው ነው። እንደኔ እንደኔ የክሩ ራስ ይህ መልስ ነው። ብትችሉ እሱን ብቻ ሄዳችሁ አንብቡት።

የፈተናው መመዘኛ ነጥብ 7 ላይ ብዙም ያልተለመዱ ቃላትንና ፈሊጣዊ አነጋገርን በመጠኑ መጠቀም ይላል አሉ። ስህተት ቢኖርበትም ይፈቅዳል። 9 ላይ ሲደርስ ግን በትክክል ይላል። ስንት ፈሊጥ ተወረወረ ብሎ የሚቆጥር የለም። ደግሞ ፈሊጣዊ ሲባል ድመትና ባልዲ ብቻ አይደለም። ቋንቋው ተራውን ነገር የሚልበት የራሱ መንገድም ፈሊጥ ነው። ከዚያ ጉንፋኑን አመጡ። እኛ ጉንፋን ያዘኝ እንላለን። እንግሊዙ ጉንፋን ያዝኩ ይላል። በእኛ ቋንቋ በሽታው ሰውን አሳድዶ ይይዛል፤ በእነሱ ሰውየው ሄዶ በሽታውን ይይዛል። ማንም ይሄን ፈሊጥ ብሎ ደብተር ላይ አይጽፈውም። ሐሳቡን ከአማርኛው ቃል በቃል ገልብጦ የሚናገር ተማሪ ግን መጀመሪያ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ከባድ ዝናብን እንግሊዞች «ሄቪ ሬይን» ይሉታል እንጂ «ስትሮንግ ሬይን» አይሉትም። ንፋሱ ግን «ስትሮንግ» ነው። ለምን? እንዲያ ስለሆነ። ልጅቷ ሠላሳዎቹን ትታ እንዲህ ዓይነቶቹን ሠላሳ ብታጠና 7 አይጠፋባትም አሉ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ሞቀ። ከ13 እስከ 17 ያለው ሁሉ የራሱን መዝረፍ ጀመረ። አንዱ እኛ ፎቶ እናነሳለን፣ እነሱ ይወስዳሉ አለ። አንዷ እኛን እንቅልፍ ይወስደናል፣ እነሱ ራሳቸው እንቅልፍ ውስጥ ይወድቃሉ አለች። ሌላው አባቱ ሲጋራ ሲጠጡ እንደኖሩና ይሄንኑ ለፈረንጅ ሲያስረዳ፣ ፈረንጁ ሲጋራው በውሃ ተበጥብጦ እንደሆነ እንደጠየቀው ነገረን። እትዬ ደግሞ ቡናስ ይጠጣል አይደል ብለው ጠየቁ። ይጠጣል አልናቸው። ተመስገን አሉ። ሰዓቱ ማታ ሦስት ተኩል ነበር። እኔ ራሴ ቶናውን እየጠጣሁ ነው የማነበው።

ነገሩ የከረረው 18 ላይ ነው። አሜሪካ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ ደሴ የተመለሰ ሰው ገባ። የሚኖረው ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ቲቸርን ሳይቀር ሁላችንንም አረመን። ግድ የለኝም ለማለት እኛ የተማርነው «አይ ኩድንት ኬር ለስ» ነው፤ ከዚህ በታች ግድ ሊለኝ አይችልም እንደማለት። እሱ እዚያ አገር ማንም እንዲያ አይልም፣ «አይ ኩድ ኬር ለስ» ነው የሚባለው አለ። ቁጥር 19 ይሄማ ትርጉሙ ተገለበጠ፣ ከዚህም በታች ግድ ሊለኝ ይችላል ማለት ሆነ ሲለው፣ የማስተማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ይዛችሁ ቅሩ አለው። 19ኛውም ዝም አላለም። ዘጠኝ ዓመት ምን ሲሠራ እንደኖረ ጠየቀው። እዚህ ላይ ሁለት መልስ በአድሚኑ ተሰርዟል። ምን እንደነበረበት አውቃለሁ፤ አልናገርም።

በደንብ ካያችሁት ሁለቱም ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም ይባላሉ። እዚያም ቢሆን አሉታዊው ጠፍቷል እያሉ የሚቆጡ ሰዎች ሞልተዋል። ብሪታንያ ውስጥ የሚሰማው ግን «ኩድንት» ያለበት ነው። ይህን 22ኛዋ በሰላም አስረዳች። ጨምራም አንዱ ከብሪታንያ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ልብሱን የሚቀይር ፈሊጥ ብዙ ነው አለች። ክፉ እንዳይመጣ እንግሊዙ እንጨት ይነካል፣ አሜሪካዊው እንጨት ያንኳኳል። ትንሽ ነገር ሲጋነን ለእንግሊዙ በሻይ ስኒ ውስጥ የተነሳ ማዕበል ነው፤ ለአሜሪካዊው ማዕበሉ የተነሳው ጀበናው ውስጥ ነው። (ጀበና ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ የሻይ ማፍያ ነው ያለችው።)

23ኛው ታሪክ ወዳጅ ነው። ጦርነት አመጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ሹማምንት ተሰብስበው አንድ ሰነድ ላይ ተከራከሩ። እንግሊዞቹ ሰነዱን «ቴብል» እናድርገው አሉ፤ በእነሱ ቋንቋ አሁኑኑ እንወያይበት ማለት ነው። ለአሜሪካኖቹ ግን ይቆይ፣ ወደ ጎን ይቀመጥ ማለት ነው። ጉዳዩ አጣዳፊ ነውና አይሆንም አሉ። ረጅምና መራራ ክርክር ሆነ። በኋላ ሲገባቸው ለካስ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ይህን የተረከው ራሱ ዊንስተን ቸርችል ነው። የአንድ ቋንቋ ልጆች እንዲህ ከሆኑ አንተና ስሪላንካዊቷ ምን ይገርማል ብሎ ወደ እኔ መለሰው። ክሩ ስለ እኔ መሆኑን ያስታወሰ ሰው በመገኘቱ አመሰገንኩት።

24ኛው ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አጠገብ ያደገ፣ አሁን በአቪዬሽን ሙያ የሚሠራ ልጅ ነው። አብራሪና የበረራ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ሲነጋገሩ ቃሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው አለ። ቀልድም ፈሊጥም አይገባበትም፤ አንዱ ኮሪያዊ፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ፣ ሦስተኛው ብራዚላዊ ሊሆን ይችላልና። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስድስት የእንግሊዝኛ ደረጃዎች አሉት። ለዓለም አቀፍ በረራ የሚጠየቀው ቢያንስ አራተኛው ነው። ፈሊጣዊ የቃላት አጠቃቀም መመዘኛ ሆኖ በደንብ የሚመጣው ስድስተኛው ላይ ነው። የሚገርመው እዚያም ላይ ከፈሊጡ ጎን ለጎን ለሰውና ለቦታ የሚስማማውን መለየት አብሮ ተጽፏል። ቲቸር ቁጥር 4 ላይ ያሉት ማለት ነው። አውሮፕላን ሳያርፍ «ብሬክ ኤ ሌግ» የሚል ተቆጣጣሪ ቢኖር ተሳፋሪው ሁሉ ዱዓ ይጀምር ነበር አለ።

25ኛው ስለታም ነው። ገና ሲጀምር ቆረጠን። የሰው ፈሊጥ ከምታሳድዱ መጀመሪያ የራሳችሁን እወቁ አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባል ዳባ ምን እንደሆነ ከመሀላችን ሦስት ሰው እንደማይነግረው ተወራረደ። (ዳባ ማለት ከቆዳ የሚሠራ የድህነትና የምናኔ ልብስ ነው። እኔ ለአንድ ሰው ደውዬ ነው ያወቅኩት፤ ስለዚህ ውርርዱን ሳይረታ አይቀርም።) ቀጠለና አማርኛችንን በእንግሊዝኛ ፈሊጥ እየሞላን ነው አለ። ሬዲዮ ሲከፍት በቀኑ መጨረሻ የሚል ሰው ይሰማል። የቀኑ መጨረሻ መሽቷል ማለት እንጂ ዞሮ ዞሮ ማለት መች ሆነ? የሳንቲሙ ሌላኛው ገጽታ፣ ጨዋታ ቀያሪ፣ ፎጣ ወረወረ። ፎጣ ያለው ማነው?

እዚህ ላይ መንገድ ሳትን። ከ26 እስከ 30 ስለ እንግሊዝኛ የተባለ ነገር የለም። አንዱ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍም የተቀዳ ነው ሲል፣ ሌላው የወሎ እረኛ ወንጭፍ ሲወነጭፍ ስንት ወፍ እንደሚመታ ፈረንጅ አይነግረውም ብሎ ተቆጣ። ከዚያ በማላውቀው መንገድ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ አየር ተሻገሩ። የደሴዎቹ የኮምቦልቻ ሰው ቃላት የሚጠፋው ከሙቀቱ ነው አሉ። የእኛዎቹ ደግሞ 2500 ሜትር ላይ ጦሳ ሥር ተቀምጦ አገጩ የደረቀ ሰው እንግሊዝኛም አማርኛም ሊወጣለት አይችልም ብለው መለሱ። አድሚኑ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ። አድሚኑ የደሴ ልጅ ስለሆነ ይሄም ወገንተኝነት ተባለ።

31ኛው ወደ ርዕሱ የመለሰን በኬክ ነው። እንግሊዞች ኬክህን ይዘህም በልተህም አትችለውም ይላሉ። የእኛው ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ነው። ዛሬ ብዙ ሰው መያዙን አስቀድሞ መብላቱን ያስከትላል። በ16ኛው መቶ ዓመት ግን መብላቱን የሚያስቀድም ተጽፎ ይገኛል፤ ለነገሩ ሎጂኩም የሚገባው እንዲያ ሲሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ቦምብ በፖስታ እየላከና እያስቀመጠ ሦስት ሰው የገደለ ቴድ ካዚንስኪ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ነበር። ረጅም ጽሑፉ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ወንድሙ አጻጻፉን ጠረጠረ። መርማሪዎቹ የድሮ ደብዳቤዎቹን ከጽሑፉ ጋር ሲያነጻጽሩ ሁለቱም ላይ ኬኩ በአሮጌው ቅደም ተከተል ተቀምጦ አገኙት። ለጥርጣሬው አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነ። በ1996 ተያዘ። ፈሊጡን ከሁላችንም በላይ በትክክል የተናገረ ሰው በፈሊጡ ተጠረጠረ አለ 31ኛው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ኢሜይል ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ቲቸር ይሄን ተቀብለው፣ 32 ላይ ስለ ፈሊጥ ግትርነት ጻፉ። ፈሊጥ ውስጥ አንድ ቃል ስትነካ ሁሉም ይፈርሳል። ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ እንጂ በስኳር አይባልም። ውሃ ቀጠነ እንጂ ወተት ቀጠነ ብሎ ጠብ የሚፈልግ ባል የለም። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። «ሂ ኪክድ ዘ በኬት» ሰውየው ሞተ ነው። ወደ ተደራጊ ገልብጠህ ባልዲው ተመታ ካልክ ግን ማንም አልሞተም፤ ባልዲ ብቻ ነው የተመታው። «ስፒል ዘ ቢንስ»፣ ባቄላውን መድፋት፣ ምስጢር ማውጣት ነው። እሱ ደግሞ ቢገለበጥም ይሠራል፤ ባቄላው ተደፋ ቢባል ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። የትኛው እንደሚታጠፍ የትኛው እንደማይታጠፍ የሚታወቀው ብዙ በመስማት ነው አሉ። መክፈል የሌለበት ትምህርት ቤት ያ ብቻ ነው ብለው ቀለዱ።

33ኛዋ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ስታነብ የቆየች ልጅ ናት። አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝና ክሩን ከላይ ወደ ታች ቀደደችው። አለቃህ እንግሊዝኛ የምታውቀው አንተ ባወቅከው መንገድ ነው አይደል አለች። ተምራ ነው። ታዲያ ሁለት የተማሩ ሰዎች በተዋሱት ቋንቋ ሲነጋገሩ የሦስተኛ አገር የቲያትር ቤት ቀልድ መሀላቸው ምን ይሠራል? እኔ ፈሊጡን የተጠቀምኩት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ እንግሊዝኛ እንደምችል ላሳያት?

መልሴ 34ኛው ነው። ሁለተኛው አልኩ። ደስ ብሎኝ አይደለም።

18ኛው፣ የአሜሪካው፣ ይሄኔ ለስለስ ብሎ መጣ። እሱም መጀመሪያ የሄደ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቹን ለማስደነቅ በየአረፍተ ነገሩ ፈሊጥ ይደረድር እንደነበር ነገረን። አንድ ቀን አንዷ በደግነት ጠጋ ብላ፣ አንተ ስታወራ አያቴን የምሰማ ይመስለኛል አለችው። ያጠናው ሁሉ ያረጀ ነበር። ከ19ኛው ጋር እዚያው ታረቁ። የተሰረዙትን ሁለት መልሶች ግን አድሚኑ አልመለሳቸውም።

እትዬ 36 ላይ ቀለል አድርገው ጨረሱት። ለመንገደኛ የሚባለውን ለምን አላልካትም አሉ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። አንዱ ይሄ በእንግሊዝኛ አይገባትም ሲላቸው፣ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ጨርቅ ካልገባት ምን ይገባታል አሉ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስንፈትሽ ነው የምንውለው። የተጨማደደ ለይተን እንጥላለን፣ ልሙጡን እናሳልፋለን።

በማግሥቱ ቢሮዋ ገባሁ። አለቃዬን በተራ እንግሊዝኛ፣ አንድም ፈሊጥ ሳልጨምር፣ እግር መስበሩ ምን እንደሆነ ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ አፏን ይዛ ሳቀች። ያን ዕለት ሐረጎን እስክትወጣ ድረስ ሾፌሩን ቀስ በል ቀስ በል እያለች አሰልችታው እንደነበር ነገረችኝ። አማርኛውንም አስተማርኳት። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የናሙና ጨርቅ ዘርግቼ በመዳፌ ዳበስኩት። መንገድ አልኳት። ገባት። ወረቀቱ ላይ በራሷ ፊደል ጻፈችው። ይህን 38 ላይ ዘግቤአለሁ፤ ብዙ ልብ ተሰጠኝ።

የአይልትሷ ልጅ 39 ላይ ፈተናውን እንደወሰደች ጻፈች። ስለ ጤናዋ ተጠይቃ ጉንፋኑን በትክክል ይዛዋለች። ውጤቱ ገና ነው።

40 ላይ 33ኛዋ አለቃዬ እንዴት ሆነች ብላ ጠየቀች። 41ኛው የእኔ መልስ ነው። አለቃዬ አማርኛውን ወደደችው። ችግሩ እኔ ለእሷ በሚባለው መልክ ነው ያስተማርኳት፤ በሴት አንቀጽ። አሁን ለሁሉም መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ ትላለች። ለሾፌሩ ትላለች። ምሳ ለሚወጣው ትላለች። ሽንት ቤት ለሚሄደው ትላለች። ማታ በር ላይ ለሚቆሙት፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ለሚወርደው ሽማግሌ ጥበቃም ትላለች። እሳቸውም ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ ይሉና አሜን ይሏታል።